ስመ ክርስትናቸውን ፍለጋ

ዛሬ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ በአራዳ ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ የዋለው ደመና ከቀትር በኋላ ሲወርድ፣ የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ወጥተው ዝናቡን ተጠመቁበት፤ እኔ ግን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ብዙም በማትርቅ አንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የአምስት ሰዎችን ስም ለመጻፍ ስታገል ነበር። አምስቱም በዚህ በሚያልቀው ዓመት ከተወለድኩባት ጎጥ የሞቱብን ሰዎች ናቸው። ከእጃቸው የበላሁትን፣ በትከሻቸው የታዘልኩትን ሰዎች ስም መጻፍ እንዴት ሊያታግል ይችላል የሚል ቢኖር፣ የምናገረው ስለ መጠሪያ ስማቸው ሳይሆን ስለ ስመ ክርስትናቸው መሆኑን ላስቀድም። ቤተ ክርስቲያን ሙታንን በጸሎት የምታስበው በጥምቀት ስማቸው ነው፤ እኔም አዲሱ ዓመት ሳይገባ ያንን ወረቀት ለካህን ለመስጠት አስቤ ብዕር ስይዝ፣ ከአምስቱ የአንዱን እንኳ ስመ ክርስትና እንደማላውቅ ተገነዘብኩ።

የኛ ጎጥ በመንዝ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደረሳል፤ ከዚያ እስከ ጣርማ በር ተኪዶ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ይታጠፋል፤ ከመሐል ሜዳ በኋላ ደግሞ መኪና እስከተወሰነ ቦታ ድረስ ነው፣ የቀረው የእግር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት፣ ማታ ማታ ውርጩ አጥንት የሚሰብር አገር ነው። ጎጧ ራሷ ከአርባ የማይበልጥ ጭስ የሚወጣባት ናት፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት አምስት ሰው መሞቱ በከተማ ሚዛን ምንም ላይመስል ቢችልም፣ እኛ ዘንድ ግን ከስምንት ቤት አንዱ ጥቁር ለበሰ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ሥር ያሉት መቃብሮች የድንጋይ ክምር ናቸው እንጂ አንዳች ጽሑፍ የለባቸውም፤ ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቀው የቆፈረውና የቀበረው ሰው ነው። እዚህ አራዳ ግን ከተቀመጥኩበት ቀና ስል በ1923 ዓ.ም. የቆመው የአጼ ምኒልክ ሐውልት በፈረሱ ላይ ይታየኛል፤ ከእርሱ ፈቅ ብሎ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፤ ሽቅብ ብወጣ ደግሞ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይጠብቀኛል። ይህን ስል ማማረሬ አይደለም፤ የእኛዎቹ ሙታን መታሰቢያ ድንጋይ ሳይሆን የሰው አፍ መሆኑን ለማለት ነው።

የመጀመሪያው መርዶ የመጣው በጥቅምት ነው። በልማዳችን መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ሰውየው እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ማለዳ ላይ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ሦስት ያገር ልጆች ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን ሲያንኳኩና አንደኛው ጋቢውን አዘቅዝቆ እንደለበሰ ሳይ፣ የቀረኝ ነገር ቢኖር ማን እንደሆነ መስማት ብቻ ነበር። የሞቱት በርኖስና ዝተት ሲሠሩ የኖሩት ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ የበጉን ጠጉር በእንዝርት ፈትላ ትሰጣቸዋለች፣ እሳቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰድደው ይሸምኑታል። ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ የተሰጠኝ ዝተት ዛሬም አልጋዬ ላይ አለ። ከባድ ነው፤ በክረምት ሲያለብሱት ሰው የተኛበት ያህል ይጫናል። በአንድ ጠርዙ ላይ ጥቁሩ ክር አልቆባቸው በቡናማ የጨረሱት አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ አለ፤ ያንን ስንዝር ባየሁ ቁጥር «ለተማሪ ይበቃዋል» ያሉኝ ትዝ ይለኛል። ስለ እሳቸው ከዚህ በላይ ብጽፍ የማላውቀውን መጨመር ይሆንብኛል፤ ዝም ያሉ ሰው ነበሩ።

የሁለተኛውን ሞት የሰማሁት ግን በስልክ ነው፤ ያውም በአሥራ አራተኛው ቀን። በታኅሣሥ መስመሩ ጠፍቶ ነበር፣ መንገዱም በጸጥታ ችግር ምክንያት አንዱን ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን ይዘጋ ነበር። ሟቹ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሞታቸው ሳይሰማ ሊቀር የማይገባቸው ሰው ነበሩ፤ ምክንያቱም የጎጣችን ለፋፊ እሳቸው ናቸው። በከተማ የእድር ጡሩምባ ነፊ አለ፤ ፒያሳ በነበርንበት ዘመን በሌሊት የሚሰማው ያ የጡሩምባ ድምፅ ገና በእንቅልፍ ልቤ «እግዚኦ» ያሰኘኝ ነበር። እኛ አገር ጡሩምባ የለም። ለፋፊው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ወጥተው፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ደግነው፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በሦስት አቅጣጫ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጣራሉ፤ ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ከማዶው ተረተር ላይ ሌላ ሰው ተቀብሎ ያስተላልፈዋል። የሚለፍፉት ሞትን ብቻ አልነበረም። የጠፋ በግ፣ የመንገድ ሥራ፣ የገበሬ ስብሰባ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጓሳው ለአጨዳ የሚከፈትበትን ቀን የሚያበሥሩን እሳቸው ነበሩ። የጓሳ ሣር ለማያውቅ አንባቢ፣ መንዜ ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት፣ ለዘመናት ሕዝቡ ራሱ በሥርዓት ከልክሎ ሲጠብቀው የኖረ ረጅም ሣር መሆኑን ልንገረው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያዩ ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች የሚጎበኙት ያው ያባቶቻችን ክልክል ነው።

እንግዲህ ለፋፊው ሲሞቱ ማን ለፈፈ? አጎቴን በስልክ ያገኘሁት ዕለት በቅድሚያ የጠየቅሁት ይህንን ነበር፤ አሁን ሳስበው የሟቹን ሕመም እንኳ ሳልጠይቅ። ጥቂት ዝም ብሎ «ሦስት ጎረምሶች ወጡ፣ ድምፃቸው ግን ከወንዙ አላለፈም፤ የማዶው ሰው ከቀብር በኋላ ነው የመጣው» አለኝ። የማዶ ሰዎች ለቅሶ ሲደርሱ ያፍሩ ነበር አሉ። ለቀብር አለመድረስ በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ነው፤ ለሠርግ የቀረ ይታለፍለታል፣ ለቀብር የቀረ ግን ምክንያቱን ሲናገር ይኖራል። እኔ ራሴ ከአምስቱ ቀብር የደረስኩት ለአንዱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሞት የወረቀቱን ነገር ያመጣብኝ ነው። የደብራችን ቄስ ያረፉት በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት ነበር። በሕማማት ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሣዕና እሑድ ይደረሳል። ዘንድሮ ሆሣዕና ሚያዝያ 5 ቀን ነበር የዋለው። በዚያ ዕለት ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ በሚቀጥሉት ቀናት ከመካከላችን ለሚጠራው ሰው ሁሉ የሚሆነውን ፍትሐት አደረሱ፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ሆዴን አሉ፣ ረቡዕ አረፉ። በማግሥቱ በጸሎተ ሐሙስ ያለ ፍትሐት ሲቀበሩ፣ ሕዝቡ የራሳቸውን ፍትሐት ራሳቸው አድርሰው እንደሄዱ እያነሳ ይገረም ነበር። አጎቴ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሰው ሥራውን ሳያጓድል ወጣ የሚል እርካታ መሳይ ነገርም ነበረበት። እኔም በልቤ እንዲህ ያለ አሟሟት ለእሳቸው እንደሚገባ አሰብኩ፤ ሰንበቴ ላይ እንኳ ቆጥረው የሚሰጡ፣ ቆጥረው የሚቀበሉ ሰው ነበሩ።

ሆኖም ከእሳቸው ጋር የተቀበረው ነገር ምን ያህል እንደሆነ የገባን ዘግይቶ ነው። የጎጧ ሰው አብዛኛው የንስሐ ልጃቸው ነበር። የሁሉን ስመ ክርስትና በቃላቸው ያውቁታል፤ በተዝካርና በሙት ዓመት ማንም ስም ጽፎ ሰጥቷቸው አያውቅም። ልጃቸው ዲያቆን ነውና ሣጥናቸውን ሲፈትሽ አንድ ደብተር አገኘ፤ ደብተሩ ግን እሳቸው ራሳቸው ያጠመቋቸውን ሕፃናት ብቻ የያዘ ሆነ። ከእሳቸው በፊት የተጠመቁት፣ ከሌላ ደብር በጋብቻ የመጡት፣ በጠቅላላው ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ የሉበትም። እነዚህ ደግሞ ስማቸው ቶሎ የሚፈለግባቸው ናቸው።

በደብተሩ ላይ ስሙ የተገኘው ከአምስቱ ወጣቱ ብቻ ነው። ስለ እርሱ መጻፍ ይከብደኛል። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በሚያዝያ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ ሁለት ሳምንት ካደረ በኋላ፣ ካዛንቺስ አካባቢ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ የቀን ሥራ አግኝቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራየ። እሑድ እሑድ ይመጣ ነበር። ቡና ሲፈላ እግሩን አጥፎ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ወንበሩ ላይ ውጣ ስለው «ከተሜ ሳልሆን ቢሮክራሲ አታስተምረኝ» ይለኛል፤ ቃሉን ከየት እንዳገኘው አላውቅም፣ ትርጉሙንም ያወቀው አይመስለኝም፣ ቤቱን ግን ያስቀው ነበር። በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት፣ ዝናብ በዘነበ ማግሥት፣ ከባሕር ዛፍ አጣና ከተሠራው መወጣጫ ላይ አዳልጦት ወደቀ። የአሠሪው ተወካይ በመጀመሪያው ቀን የተናገረው ልጁ በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ ስሙ እንደሌለ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ሞት ለሟቹ ጥገኞች ክፍያ እንዲፈጸም ያዛል፤ ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሠራተኛ መሆኑን ማስረዳት የሐዘንተኛው ዕዳ ይሆናል። ጉዳዩ እስካሁን አላለቀም፤ ጠበቃው በአዲሱ ዓመት እንገናኝ ብሎኛል።

አስከሬኑን ይዘን የሄድን ዕለት መንገዱ ክፍት ነበር፤ የአዲስ አበባ ያገር ልጆች እድር መኪናውን ተከራየ፣ ሣጥኑን ገዛ። ከመነሳታችን በፊት ሁለት ጓደኞቹ መጥተው በፌስታል የተጠቀለለ ገንዘብ ሰጡኝ። ዕቁብ ነበራቸው፤ አሥራ ሁለት ሆነው በየሳምንቱ ይጥሉ ነበር፣ እርሱ የጣለው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። የሳምንቱን ዕጣ ሳያወጡ፣ ዋስ ሳይጠሩ፣ ሙሉውን ለእናቱ ላኩት። የቀረውን ጊዜ ማን ይጥልለታል ብዬ ስጠይቅ፣ አንደኛው ጥያቄው እንዳስቀየመው ሆኖ «እኛ» አለኝ። በከተማ እንደሚደረገው የሕይወት ታሪኩ በቀብሩ ላይ እንዲነበብ ጓደኞቹ ፈልገው ነበርና እንድጽፍ ተጠየቅሁ። ብዙ የሕይወት ታሪክ ሰምቻለሁ፤ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ጀምሮ፣ ያገለገሉባቸውን መሥሪያ ቤቶች ቆጥሮ፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ የሚጨርሰውን ሥርዓት አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር አልወደውም። ለእርሱ ግን በዚያ መልክ ልጽፍ ስቀመጥ ስድስት መስመር ላይ አለቀብኝ። ተወልዶ፣ በግ ጠብቆ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሮ፣ መጥቶ፣ ወድቆ። ያንን ወረቀት አላነበብኩትም። እናቱ ሙሾ ስታወርድ ስድስቱ መስመር ውስጥ ያልነበረውን ሁሉ አለችው፤ ያደነውን ጅብ፣ የሰበረውን ማሰሮ፣ ወንዝ የሞላ ቀን ታናሽ እህቱን አዝሎ የተሻገረበትን ቀን ጭምር።

ከአምስቱ በመንግሥት መዝገብ ሞቱ የተመዘገበለትም እርሱ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ስለሞተ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ፣ ምዝገባውም በመላ አገሪቱ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ እኛ አገር ሰው ለቀበሌ ብሎ ሞትን አያስመዘግብም። ልደትንም ቢሆን የሚመዘግቡልን ሰው ነበሩን፤ አምስተኛዋ ሟች እሳቸው ናቸው።

የልምድ አዋላጃችን እማማ ያረፉት በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። እኔን፣ ሁለቱን ወንድሞቼን፣ ከወደቀው ልጅ ጋር እናቱን ራሷን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት እልልታ ሲባል መሪዋ እሳቸው ነበሩ፤ ገንፎው ሲገነፋ ቅቤው እንዳይሰሰት የሚቆጡትም እሳቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ወረዳ ሄጄ የተወለድኩበት ቀን ስጠየቅ፣ እናቴ በሕይወት ስለሌለች ለእሳቸው ነበር የደወልኩት። ስልኩን በቁማቸው ተቀብለው፣ ምንም ሳያስቡ፣ «የኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ውርጩ ባቄላውን የበላ ዓመት፣ ጠዋት ከብት ሲወጣ» አሉኝ። የኅዳር ሚካኤል 12 ነውና ኅዳር 13 ብዬ አስጻፍኩ፤ ዓመቱን ለማግኘት ግን ውርጩ ባቄላውን የበላው መቼ እንደሆነ ሦስት ሽማግሌ መጠየቅ ነበረብኝ። በዚህ ዓይነት የጎጧን ሰው ሁሉ ልደት በበዓልና በአዝመራ ሰፍተው በራሳቸው ይዘውት ይኖሩ ነበር።

የእሳቸውን የጥምቀት ስም በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ግን አልተገኘም። የነፍስ አባታቸው ቀድመዋቸው በሚያዝያ ሄደዋል። እማማ ራሳቸው ከወንዝ ማዶ፣ ከሌላ ደብር፣ ገና በልጅነት ተድረው የመጡ ናቸው፤ ያላቸው አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ናት፣ በስልክ ስጠይቃት አልቅሳ «እናቴን እናቴ እንጂ ሌላ ብዬ ጠርቻት አላውቅም» አለችኝ። ለቀብሩ ከጎረቤት ደብር የመጡት ወጣት ካህን ስም ሲጠይቁ አንዲት ጎረቤት የማርያምን ስም የያዘ ስም ተናግራ በእርሱ ተፈታ። በሰባተኛው ቀን ለቅሶ የደረሱ የማዶ ዘመዶች ግን ስሟ እርሱ አይደለም፣ የሥላሴ ነው ብለው ተነሱ። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየተበላ ክርክር ሆነ አሉ። ጎረቤቷ «አርባ ዓመት አብሬያት ቡና ስጠጣ» ስትል፣ ዘመዶቹ «እኛ ያጠመቅናትን» እያሉ፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ እግዚአብሔር ያውቃታል ብለው ነገሩን አበረዱት።

እግዚአብሔር እንደሚያውቃቸው አልጠራጠርም። ቢሆንም የሁሉንም ልደት ቀን ከነሰዓቱ ይዘው የኖሩ ሴት በአርባቸው በተሳሳተ ስም መጠራታቸው አልተዋጠልኝም፤ አርባቸው ደግሞ መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ስለዚህ ላለፉት አሥር ቀናት ስልክ ስደውል ሰነበትኩ። የሸማኔውን ስም፣ ክርስትና ያነሷቸው ሰው ልጅ ያውቀዋል ተብሎ ተገኘ። የለፋፊውን ሚስታቸው ነገሩኝ፤ ግን በስልክ ጮኸው ለመናገር አፍረው ልጃቸው ጆሮ ላይ አንሾካሾኩት፣ ልጁ ነው ያስተላለፈልኝ። የቄሱን ዲያቆን ልጃቸው ሰጠኝ። የወደቀው ልጅ በደብተሩ ላይ፣ በአባ እጅ ጽሑፍ፣ ከተጠመቀበት ቀንና ከክርስትና አባቱ ስም ጋር አለ። እነዚህን ስሞች እዚህ አልጽፍም፤ የጥምቀት ስም በእኛ ዘንድ ሜዳ ላይ የሚጣል ነገር አይደለም፣ ቤተሰቦቻቸውም የሰጡኝ ለጸሎት ብለው ነው።

ዛሬ ዝናቡ ካባራ በኋላ አጎቴን እንደገና ደወልኩለት። የእማማ ታላቅ እህት በሕይወት እንዳሉ፣ ጆሯቸው እንደከዳቸው፣ ከማዶ ደብር ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸው በቅሎ ላይ አድርጎ ወደ ገበያ እንደሚያወጣቸው ሰምቶ ኖሯል። «ቅዳሜ እወርዳለሁ፣ ጆሯቸው ሥር ጮኼ እጠይቃቸዋለሁ» አለኝ። «ገበያ መሐል እንዳትጮህ» ስለው «ታዲያ በምን ልጠይቃቸው?» ብሎ ሳቀ፤ ከሰኔ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከቡና ቤቷ ወጥቼ፣ በረጠበው ደረጃ ወደ ካቴድራሉ ቅጥር ገብቼ፣ ከቅኔ ማሕሌቱ በር አጠገብ ለቆሙት አባት አራት ስም ያለበትን ወረቀት ሰጠሁ። ተቀብለው አዩትና ከታች የተሰመረው ባዶ መስመር የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱት በኋላ እንደገና አወጡት፤ «ቅዳሜ ከሆነማ አንተው ጋር ይቆይ» ብለው መለሱልኝ። አሁን ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስልኬ አጠገብ ነው።